የፋይንስኬል ሞዴል ባቡር ኤግዚቢሽን እንዴት ይጎበኛል?

መጀመሪያ የሄድኩ ዕለት አዳራሹን በሁለት ሰዓት ዞሬ ጨረስኩት። ማታ ባለቤቴ «ምን አየህ?» ብላ ጠየቀችኝ። «ባቡር» አልኳት። «ምን ዓይነት ባቡር?» ስትለኝ ግን መልስ አጣሁ። አረንጓዴ ነበር፣ ጥቁርም ነበር፣ ትንሽ ነበር። ሙሉ ቅዳሜዬን ሰጥቼ ይዤ የተመለስኩት ይህንን ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ ደጋግሜ ሄጃለሁ። አብዛኛው ጎብኚ እንደ ገበያ ዞሮ የሚወጣበት ይህ ዝግጅት አንድ ቦታ ቆሞ ለሚያይ ሰው ብቻ የሚከፈት ነገር ነው፤ ይህን የተማርኩትም በስህተት ነው። እንግሊዝ አገር የሚኖሩ ከሆነ፣ ወይም ዘመድ ሊጠይቁ መጥተው አንድ ቅዳሜ ነጻ ከሆነልዎ፣ ቅደም ተከተሉ እነሆ።

አንደኛ፦ የትኛው እንደሆነ ይለዩ

«የሞዴል ባቡር ኤግዚቢሽን» የሚል ማስታወቂያ ሁሉ አንድ አይደለም። አብዛኛው የቤተሰብ መዝናኛ ነው፤ ልጆች ቁልፍ የሚጫኑበት፣ ያገለገለ ዕቃ በካርቶን ተሞልቶ የሚሸጥበት፣ ባቡሮቹ ያለ ዕረፍት የሚሽከረከሩበት። ክፋት የለውም። ፋይንስኬል የሚባለው ግን ሌላ ነው። ባቡሩን ብቻ ሳይሆን ሐዲዱን፣ የመንኮራኩሩን ውፍረት፣ በመንኮራኩሩና በሐዲዱ መካከል ያለውን ክፍተት ሳይቀር ከእውነተኛው ላይ ለክቶ ማሳነስ ነው። እዚያ ባቡር ያለ ዕረፍት ሲዞር እምብዛም አያዩም። ሲቆም፣ ተራ ሲጠብቅ፣ ወደ ኋላ ሲመለስ፣ አንድ ፉርጎ ጥሎ ሲሄድ ነው የሚያዩት። ይህን ሳያውቅ የገባ ሰው በአሥር ደቂቃ ይሰለቻል።

ለጀማሪ የምመክረው ስኬልፎረም የሚባለውን ነው። የስኬልፎር ማኅበር (የፋይንስኬል ሠሪዎች ማኅበር ነው) ዓመታዊ ዝግጅት ሲሆን፣ ለብዙ ዓመታት በሴፕቴምበር ወር በኤይልስበሪ ከተማ በስቶክ ማንደቪል ስታዲየም ሲካሄድ ቆይቷል። ቦታው በሌላም ይታወቃል፤ እ.ኤ.አ. በ1948 ለፓራሊምፒክ መነሻ የሆነው ውድድር የተጀመረው በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ነው። በዚሁ ስታዲየም በሜይ ወር ሲደረግ የኖረ ሬይሌክስ የሚባል ሌላ ኤግዚቢሽንም አለ፤ እሱ ትልቁንም ትንሹንም ምጥጥን (ሞዴሉ ከእውነተኛው ስንት እጥፍ እንዳነሰ ማለት ነው) ይቀላቅላል፣ ጥራቱ ግን የተመሰገነ ነው። ቀንና ቦታ ሊለወጥ ስለሚችል ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት አዘጋጆቹ ያወጡትን ማስታወቂያ ያንብቡ።

ከለንደን የሚነሱ ከሆነ ሜሪልቦን ጣቢያ ገብተው አንድ ሰዓት ያህል ይጓዛሉ። ከቻሉ ቅዳሜ ይሂዱ። እሑድ የእንግሊዝ ባቡር ሐዲድ ብዙ ጊዜ የሚጠገንበት ቀን ነው፤ ያን ጊዜ ባቡሩ ይቀርና በምትኩ አውቶቡስ ይመጣል። ወደ ባቡር ኤግዚቢሽን በአውቶቡስ መሄድ ደርሶብኛል፤ ከጎኔ የተቀመጡት ሽማግሌ እስክንደርስ ድረስ ሲያጉረመርሙ ነበር።

ሁለተኛ፦ አራት ቁጥር ይዘው ይግቡ

ይህ ክፍል ሒሳብ አለበት፤ ቢሆንም አይዝለሉት። አዳራሹ ውስጥ የሚሰሙት ንግግር ግማሹ በነዚህ ቁጥሮች ላይ ነው።

ከአገራችን ልጀምር። ከጅቡቲ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የገባው የድሮው ባቡር ሐዲድ፣ ከአንዱ ብረት እስከ ሌላው ብረት ያለው ስፋት 1000 ሚሊሜትር ነው። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር የሚሄድበት ደግሞ 1435 ሚሊሜትር። ድሬዳዋ ያደገ ሰው ሁለቱን ጎን ለጎን ቢያይ አንዱ ጠባብ መሆኑን ለማወቅ ሜትር አያስፈልገውም፤ ዐይኑ ራሱ ይነግረዋል። የእንግሊዝም ሐዲድ 1435 ነው። ይህ የመጀመሪያው ቁጥር ነው።

ከእንግሊዝ ሞዴሎች እጅግ የተለመደው ምጥጥን «አራት ሚሊሜትር ለአንድ ጫማ» የሚባለው ነው፤ በሌላ አነጋገር 1 ለ76.2። እንግዲህ 1435ን ለ76.2 ያካፍሉ፤ 18.83 ሚሊሜትር ይመጣል። ትክክለኛው ሐዲድ ይህን ያህል ሊሰፋ ይገባዋል። በየሱቁ የሚሸጠው «ደብል ኦ» የሚባለው ሐዲድ ግን 16.5 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ወደ እውነተኛው መጠን መልሰው ቢያሰፉት 1257 ሚሊሜትር ይሆናል፤ ስንዝር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጉድለት ማለት ነው። ባቡሩ ሰፊ ትከሻ ኖሮት እግሮቹን እንደ ዓይን አፋር ልጅ ገጥሞ የቆመ የሚመስለው ለዚህ ነው።

ስህተቱ ከየት መጣ? 16.5 የአውሮፓው የ1 ለ87 ምጥጥን ሐዲድ ነው፤ ለዚያ ልክ ነው። የእንግሊዝ ሎኮሞቲቮች ግን በድልድይና በዋሻ ጥበት ምክንያት ከአውሮፓዎቹ ያነሱ ናቸው፤ በ1 ለ87 ሲሠሩ የዚያን ዘመን ኤሌክትሪክ ሞተር ሆዳቸው ውስጥ አልገባ አለ። ስለዚህ ፋብሪካዎቹ አካሉን ወደ 1 ለ76 አሳደጉ፤ ሐዲዱን እንደነበረ ተዉት። ሞተሩ ከዓመታት በኋላ አነሰ፣ ሐዲዱ ግን እስከ ዛሬ እዚያው ነው።

ይህን መታገሥ ያልቻሉ ሰዎች ሁለት መንገድ አወጡ። አንደኞቹ ኢኤም ይባላሉ፤ ሐዲዳቸው ዛሬ 18.2 ሚሊሜትር ነው። ስሙ የመጣው መጀመሪያ ላይ ከነበረው «18 ሚሊሜትር» በእንግሊዝኛ ሲጠራ ከሚጀምርባቸው ፊደላት ነው። ሁለተኞቹ «ለምን አንጨርሰውም?» ብለው 18.83 ላይ ደረሱ፤ ፒፎር የሚባለው ይህ ነው። 1435፣ 16.5፣ 18.2፣ 18.83። ከነዚህ ሌላ በ1 ለ152 ምጥጥን የሚሠሩ ትዕግሥተኞች አሉ፤ ሐዲዳቸው 9.42 ሚሊሜትር ነው፤ የእነሱን ለማየት መነጽር አይርሱ።

ሦስተኛ፦ የሚይዙትና የማይዙት

የጀርባ ቦርሳ አይያዙ። ይህን በድምቀት ብጽፈው ደስ ይለኛል። በተጨናነቀ መተላለፊያ ዞር ሲሉ ቦርሳው ከኋላዎ ምን እንደሚመታ አያውቁም። እኔ አንድ ጊዜ ዞር ስል የቦርሳዬ ማንጠልጠያ የቴሌግራፍ ምሰሶ ነቀለ። ቁመቱ ከአንድ የእጅ ጣት የማይበልጥ፣ ስምንት ትንንሽ ሲኒ መሳይ የሽቦ መያዣዎች የተደረደሩበት ምሰሶ ነበር። ባለቤቱ አልተቆጣም፤ በወረንጦ አንሥቶ ኪሱ ውስጥ ከተተና «ችግር የለም» አለ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ቦርሳ ግድ ከሆነ በደረትዎ በኩል ይያዙት።

የማንበቢያ መነጽር ካለዎት ይያዙ፤ ከሌለዎትም ርካሽ ማጉያ መስታወት ይግዙ። ትንሽ ደብተርና እርሳስ ያስፈልጋል። ጥቂት ጥሬ ገንዘብ ይኑርዎ፤ ካርድ የማይቀበል አነስተኛ ነጋዴ አይጠፋም። ለስላሳ ጫማ ያድርጉ። ምሳ ከቤት ቢቋጥሩ ይሻላል፤ የአዳራሹ ካፌ ሰልፍ ከማንኛውም ባቡር ይረዝማል።

አራተኛ፦ አንድ ጊዜ ሳይቆሙ ይዙሩ

በር ላይ የሚሰጥዎትን የፕሮግራም ቡክሌት ይቀበሉ፤ ግን ገና አያንብቡት። እጅዎን ወደ ኋላ አጣምረው አዳራሹን በሙሉ በአሥራ አምስት ደቂቃ ይዙሩ። የትም አይቁሙ። አንዳንዱ ሥራ ላይ ዐይንዎ ይንጠለጠላል፤ ያንን ልብ ይበሉና ይለፉ።

ከዚያ አንድ ጥግ ይቀመጡ፤ ሻይ ይጠጡ፤ ቡክሌቱን አሁን ያንብቡ። እያንዳንዱን ሥራ እንግሊዞቹ ሌይአውት ይሉታል፤ እኔ መደብ እለዋለሁ፤ ደረት በሚደርስ ከፍታ የቆመ፣ ሐዲድና አገር የተነጠፈበት መደብ ነውና። ከነዚህ መደቦች ሦስት ይምረጡ። ሃያ ቢኖሩም ሦስት ብቻ። ቀሪዎቹን ማየት ክልክል አይደለም፤ ግማሽ ሰዓት የሚሰጧቸው ግን ሦስቱን ነው።

ሲመርጡ የመደቡን ዘመን ይመልከቱ። ፋይንስኬል ሠሪዎች አንድ ቦታና አንድ ዓመት ይመርጣሉ፤ አንዳንዱ ወሩን ጭምር። ከ1923 በፊት ከሆነ (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ብዙ ትንንሽ ኩባንያዎች፣ ብዙ ዓይነት ቀለም ያያሉ። ከ1923 እስከ 1947 አብዛኛውን የያዙት አራት ትልልቅ ኩባንያዎች ናቸው። በጃንዋሪ 1948 አራቱም በመንግሥት ተወረሱ። በኦገስት 1968 ደግሞ የመንግሥቱ ባቡር መሥሪያ ቤት በዋናው ሐዲድ ላይ በእንፋሎት መሥራቱን አቆመ። እነዚህን አራት ዓመታት ከያዙ፣ ፉርጎው ላይ ያለውን ጽሑፍ አይተው ዘመኑን መገመት ይጀምራሉ፤ ሲገጥምልዎ ደስ ይላል።

አብዛኛው መደብ የገጠር ትንሽ ጣቢያ የሆነበት ምክንያት አለው። ቦታ መቆጠቡ አንዱ ነው። ሌላው የባቡር መሥሪያ ቤቱ ኃላፊ የነበሩት ዶክተር ቢቺንግ በ1963 ያወጡት ሪፖርት ነው፤ ከ2,000 በላይ ጣቢያዎች እንዲዘጉ ሐሳብ አቀረበ፣ ብዙዎቹም ተዘጉ። ስለዚህ እዚህ መደብ ላይ የሚያዩት ጣቢያ ዛሬ ምናልባት የመኪና ማቆሚያ ወይም የእግረኛ መንገድ ነው። ለገሃር ላይ ባቡር ሲጠብቅ ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። አንድ አዛውንት ከአንዱ መደብ ፊት ያለ ቃል ረጅም ሰዓት ቆመው ካዩ፣ ቦታውን ይልቀቁላቸው።

አምስተኛ፦ የመረጡት መደብ ፊት ቆመው እንዲህ ይመልከቱ

ዐይን በተፈጥሮው ወደ ሎኮሞቲቩ ይሮጣል። ይከልክሉት። ከታች ይጀምሩ።

መጀመሪያ ሐዲዱን። ወደ መደቡ ጫፍ ይሂዱ፣ ጎንበስ ይበሉና በሐዲዱ ርዝመት ያነጣጥሩ። ሐዲዱ ሲታጠፍ ድንገት አይሰበርም፤ እንደ ውሃ ቀስ እያለ ነው የሚዞረው። ከሥሩ የተጋደሙት እንጨቶች አራራቃቸው አንድ ዓይነት መሆኑን፣ ብረቱን የያዙት መቆንጠጫዎች በእያንዳንዱ እንጨት ላይ መኖራቸውን ይፈትሹ። ብዙ ጊዜ እያንዳንዷን ያስቀመጣት የሰው እጅ ነው።

ቀጥሎ ሐዲዱ ለሁለት የሚለይበትን ቦታ ይፈልጉ። ሙሉው ጥበብ ያለው እዚያ ነው። መንኮራኩሩ ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው ሲሻገር የብረቱን ክፍተት መዝለል አለበት። በፒፎር ያ ክፍተት 0.7 ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም፤ በኢኤም 1 ሚሊሜትር ነው፤ በሱቁ ሐዲድ ከዚያም ይሰፋል። አሁን ዐይንዎን ይጨፍኑና ጆሮዎን ይስጡ። የሱቁ ባቡር ሲሻገር መንኮራኩሩ ክፍተቱ ውስጥ ወርዶ «ጠቅ» ይላል። በደንብ የተሠራው ፒፎር ግን ሹክሹክታ እንኳ አያሰማም። ባለሙያ ዳኞች ምን ብለው እንደሚፈርዱ አላውቅም፤ የእኔ ዳኛ ጆሮዬ ነው።

ይህ ዝምታ በነጻ አልተገኘም። የፒፎር መንኮራኩር ከሐዲዱ እንዳይወጣ የሚይዘው ከንፈር ጥልቀቱ ግማሽ ሚሊሜትር አይሞላም። ሐዲዱ በጸጉር ያህል ቢጎረብጥ መንኮራኩሩ ይንሳፈፍና ባቡሩ ይወድቃል። መፍትሔው የበርጩማ ጥበብ ነው፤ ሦስት እግር ያለው በርጩማ ወለሉ ቢጎረብጥም አይንገዳገድም። ሠሪዎቹ ከፉርጎው ሁለት ዘንጎች አንዱን አጥብቀው ያስሩና ሌላውን መሐሉ ላይ ብቻ ደግፈው እንዲወዛወዝ ይተዉታል፤ በዚህም አራቱ መንኮራኩሮች በሦስት ነጥብ የተደገፉ ያህል ይሆናሉ፤ ሁሉም ሐዲዱን ይረግጣሉ። ሌሎች በቀጭን ሽቦ ስፕሪንግ ያደርጉለታል። ፉርጎ ሲያልፍ በመንኮራኩሩ ከፍታ ከተመለከቱ ያችን ጥቂት መወዛወዝ ያያሉ።

ሦስተኛ ፍጥነቱን ይለኩ። እውነተኛ ባቡር ፉርጎ ሲያሰባስብ የሚሄደው በሰው እርምጃ ነው። የሰው እርምጃ በ1 ለ76 ሲያንስ በሰከንድ 2 ሴንቲሜትር አይሞላም። ስልክዎ ላይ ሰዓት ይክፈቱ፤ አንድ ሎኮሞቲቭ የራሱን ርዝመት ያህል ርቀት ለመሄድ ስንት ሰከንድ እንደወሰደበት ይቁጠሩ። ጥሩ ነጂ ከሆነ ስድስትና ሰባት ሰከንድ ሲፈጅ ያያሉ፤ ሲነሣም ሲቆምም መንገጫገጭ የለም። ፈጣን የመንገደኛ ባቡር በሰዓት 96 ኪሎሜትር የሚሄድ ከሆነ ደግሞ በሰከንድ 35 ሴንቲሜትር ነው። ከዚህ በላይ የሚከንፍ ባቡር ካዩ ነጂው ቸኩሏል፤ ምናልባት ሻይ አምሮታል።

አሁን መያያዣውን። ይህንን ቀረብ ብለው ሊያዩት የሚገባ ነገር ነው። የድሮ የእንግሊዝ የጭነት ፉርጎዎች በሦስት ቀለበት ሰንሰለት ነው የሚያያዙት፤ አንዳንድ ሠሪዎች ያንኑ ሰንሰለት አሳንሰው ሠርተውታል። ግማሽ ሚሊሜትር ውፍረት ካለው ሽቦ የተሠሩ ሦስት ቀለበቶች አስቡት። ባለፈው ያየሁት ሰውዬ ጫፉ ላይ አምፖል ያለበት እንደ መርፌ የቀጠነ መንጠቆ ይዞ ነበር። ክርኑን መደቡ ጠርዝ ላይ ባለ እንጨት አስደገፈ፣ ትንፋሹን ያዘ፣ መንጠቆውን በሁለቱ ፉርጎዎች መካከል አሳለፈ። ቀለበቱ ተነሣ፣ ተንሸራተተ፣ ወደቀ። እንደገና። ወደቀ። ከጎኔ የቆመ የአሥር ዓመት ልጅ እሱም ትንፋሹን ይዟል። በአራተኛው ቀለበቱ የፉርጎው መንጠቆ ላይ ገባ፤ ሰውዬው ምንም እንዳልተፈጠረ ለባልደረባው በጣቱ ምልክት ሰጠ፤ ሎኮሞቲቩ ቀስ ብሎ ሲነሣ ቀለበቶቹ አንድ በአንድ ተወጠሩ። መጀመሪያው ፉርጎ ተንቀሳቀሰ፣ ከዚያ ሁለተኛው፣ ከዚያ ሦስተኛው።

እጅ የሚገባበት ይህ ጊዜ ቀልድም አለው። እንግሊዞች ሎኮሞቲቭን በመንኮራኩሩ ቁጥር ይጠሩታል፤ ከፊት ስንት፣ ከመሐል የሚገፉት ስንት፣ ከኋላ ስንት ብለው። ስድስቱም መሐል ያሉ ከሆኑ 0-6-0 ይባላል። ባቡር ወድቆ ከሰማይ የሰው እጅ ሲወርድ «0-5-0 መጣ» ይላሉ፤ በአምስቱ ጣት ቁጥር ማለት ነው። ሲሉ ከሰሙ ይሳቁ፤ ወዲያው ወዳጅ ያገኛሉ።

ቤቶቹንና አገሩን መጨረሻ ይዩ። የጡብ አደራረብ፣ ከጭስ ማውጫው ሥር የጠቆረ ግድግዳ፣ በሩ ሥር ያረጀ ቀለም። ጥሩ ሠሪ አዲስ ነገር አያሳይም፤ የተጠቀሙበት ነገር ነው የሚያሳየው። ይህ ከማረከዎ ለሌላ ቀን ፔንደን ሙዚየም የሚባል ቦታ አለ፤ በኦክስፎርድሺር፣ ሎንግ ዊተናም መንደር። ሮይ ኢንግላንድ የሚባል አውስትራሊያዊ በ1950ዎቹ የመሠረተው ነው። የእንግሊዝ የገጠር ቤቶች እየፈረሱና እየተለወጡ መሆናቸው አሳስቦት፣ የ1920ዎቹንና የ1930ዎቹን ገጠር ቤት በቤት በካርቶን መሥራት ጀመረ። እዚያ ባቡሩ ለቤቶቹ አጃቢ ነው። ሁልጊዜ ስለማይከፈት ቀኑን አጣርተው ይሂዱ።

ከመደቡ ከመነሣትዎ በፊት ዞር ብለው ጀርባውን ይመልከቱ። ባቡሮቹ ከድልድይ ወይም ከዛፍ ጀርባ ገብተው የሚጠፉበት ቦታ አለ፤ እኔ ጓዳ ነው የምለው። እንግዳ የሚያየው ያጌጠውን ሳሎን ቢሆንም፣ ምግቡ የሚበስለው ጓዳ ነውና። እዚያ ባቡሮች በተራ ተደርድረው ይጠብቃሉ፤ አንድ ሰው የጊዜ ሰሌዳ ይዞ ያስተናግዳል። ማየት ይፈቀዳል፤ ማነጋገር ግን ሥራ ሲበዛበት አይደለም።

ስድስተኛ፦ አጠያየቅ

ባቡሩ እስኪቆም ይጠብቁ። የሚነዳውን ሳይሆን ከጎን የቆመውን ይጠይቁ። «ስንት ያወጣል?» ብለው አይጀምሩ፤ አዋቂውን ነጋዴ ያደርገዋል። «ስንት ዓመት ፈጀ?» የሚለውንም ቀኑን ሙሉ ሲጠየቅ ስለሚውል መልሱ የተለማመደው ነው። እኔ የማልስተው ጥያቄ «የትኛው ክፍል ነው ያስቸገረዎት?» የሚለው ነው። እነዚህ ሰዎች ስለ ስኬታቸው ሲጠየቁ ዓይን ያፍራሉ፤ ስለ ስህተታቸው ሲጠየቁ ግን አያቆሙም። እርስዎ ያላዩትን ጉድለት ራሳቸው በጣታቸው ያሳዩዎታል፦ ያ ጣሪያ ጠሟል፣ ያቺ ላም ለዘመኑ ዝርያዋ ልክ አይደለም።

እንግሊዝኛ አንቱታ የለውም፤ ቢሆንም ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ናቸውና በእኛ ወግ በትንሽ እጅ መንሣት ቢጀምሩ አይከፉም። ፎቶ ለማንሣት ይጠይቁ፤ ብልጭታውን ያጥፉ። መደቡን አይንኩ፣ አይደገፉ።

ሰባተኛ፦ ሠርቶ ማሳያው ጠረጴዛ

ብዙ ሰው የሚያልፈው፣ እኔ ግን ከሁሉ የምወደው ቦታ ነው። መብራትና ማጉያ ያለበት ጠረጴዛ ላይ አንድ ሰው እየሠራ ይቀመጣል፤ ወንበር ካለ ይቀመጡ። አንድ ጊዜ ከነሐስ ቅጠል የተቆረጠ የሎኮሞቲቭ አካል ላይ የእጅ መያዣ ሽቦ ሲበየድ አየሁ። ሽቦው ግማሽ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። ሰውየው መጋጠሚያውን በአሲድ አራሰ፤ በመበየጃው ጫፍ የጤፍ ቅንጣት የምታህል ስታኞ (ቀልጦ የሚያጣብቀው መበየጃ ብረት) አነሣ፤ ነካ፣ «አንድ» ብሎ ቆጠረ፣ ለቀቀ። ስታኞው ብልጭ ብሎ ወደ ውስጥ ተሳበ። «ሁለት ካልክ ጎረቤቱ መጋጠሚያ ይፈታል» አለኝ። ከዚያ በውሃና በብሩሽ አጠበው፤ አሲዱ ካልታጠበ ነሐሱን ይበላዋል። እቤቴ ስሞክረው ለምን ሁልጊዜ ቡግንጅ የመሰለ ጉብታ እንደሚቀርብኝ የገባኝ ያን ጊዜ ነው፤ ስታኞ አብዝቼ፣ ሙቀት አሳንሼ ነበር።

ስምንተኛ፦ ግዢ

ከሦስቱ መደብ በኋላ እንጂ በፊት አይግዙ። የመጀመሪያ ስሜት ኪስ ያራግፋል።

የእኔን ገጠመኝ ልንገርዎ። አንድ ነጋዴ ጠረጴዛ ላይ እንደ ጌጥ የሚያበሩ መንኮራኩሮች አየሁ። ሳልጠይቅ ገዛሁ። ቤት ወስጄ ፉርጎዬ ላይ ገጠምኩና ሐዲዴ ላይ ሳስቀምጠው እግሩን አንፈራጦ ቆመ። መንኮራኩሩ ለ18.83፣ ሐዲዴ 16.5። ነጋዴው አላታለለኝም፤ ፓኬቱ ላይ ተጽፎ ነበር። መንኮራኩር ሲገዙ እንግዲህ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ለየትኛው የሐዲድ ስፋት ነው፣ ዲያሜትሩ ስንት ነው፣ ዘንጉ ምን ያህል ይረዝማል።

ለጀማሪ የሚበቃው ጥሩ ወረንጦ፣ ደቃቅ ሞረድ፣ ካሊፐር (የውፍረት መለኪያ)፣ እና ራሱ የሚገጣጥመው አንድ የፕላስቲክ ፉርጎ ነው። የነሐስ ሎኮሞቲቭ ጠረጴዛው ላይ ይቆይ። አንዳንድ ዕቃ ማኅበሮቹ ለአባላት ብቻ የሚሸጡት ስለሆነ ለመቀጠል ካሰቡ የአባልነት ቅጹን ይውሰዱ።

ልጆች

ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ የቤተሰቡን ኤግዚቢሽን ይምረጡላቸው። ከፍ ያሉትን ሲወስዱ ትንሽ ታጣፊ በርጩማ ይያዙ፤ መደቡ ለእነሱ አናት ላይ ነው። ሥራም ይስጧቸው፤ ድመት ፈልጉ ይበሏቸው። አንዱ ጣሪያ ወይም አንዱ አጥር ላይ ብዙ ጊዜ ድመት አይጠፋም።

ዘጠነኛ፦ በዚያው ማታ ይጻፉ

ለእያንዳንዱ መደብ ስሙን፣ ዓመቱን፣ እና በፎቶ የማይያዝ አንድ ነገር። በባቡሩ ላይ ሆነው ቢጽፉት ይሻላል፤ ቤት ከደረሱ ይረሳል። ከእኔ ደብተር የመጨረሻው ገጽ እንዲህ ይላል፦

«ሦስተኛው መደብ። 1937፣ ዝናብ ያባራ የሚመስል ቀን። ጣቢያው ወንበር ላይ የተረሳ ጃንጥላ አለ። የከሰሉ ፉርጎ በአራተኛው ተያያዘ። መሻገሪያው ላይ ድምፅ የለም። ጠጠሩን ምን ቀለም እንደቀቡት መጠየቅ ረሳሁ።»